በሚስቴ ደም የተፈረደብኝ ፍርድ

ሚስቴን ወንድሞቿ ወሰዱብኝ። በሁዳዴ መኝታ ሳይለይ ቀርቶ ለደም በሽታ ዳረጋት ብለው፣ በጠራራ ፀሐይ ከገዛ ቤቴ በበቅሎ አስቀምጠው ወሰዷት። ሐሰት ነው። አገሩ ግን አመነ፤ ያላመነውም ዝም አለ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ስለሆነ አሳምሬ መጻፍ አላውቅበትም። የሆነውን እጽፋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ሦስተኛ ልጃችንን በወለደች በዓመቱ ነው። የወር አበባዋ እንደ ድሮው አልሆን አለ። ደሙ በዛ፣ እየረጋ ይወርድ ጀመር። ገና ሳይመጣ ወገቧንና ከእምብርቷ ሥር ይዞ ያስጎነብሳታል። እኔ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ እሸምናለሁ፤ የበጉን ጠጉር የምትፈትልልኝ እሷ ነበረች። እንዝርቱን ጥላ መሬት ላይ ስትጥመለመል አያታለሁ። ሆዷም እያደር ተነፋ።

በእኛ አገር ደም ያለባት ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ትሳለማለች። ስለዚህ የሴት ገመና ተሸሽጎ አይቀርም። ማን ውጭ እንደቆመች፣ ምን ያህል እንደቆየች ሁሉም ያያል። የኔዋ ከቅጥሩ ሥር አልጠፋ አለች። መጀመሪያ ሴቶቹ ሳቁባት። «ሆድሽ ገፍቶ ደግሞ ከውጭ? ወይ አርግዢ ወይ አታርግዢ፣ አንዱን ያዢ እንጂ» አለቻት ጎረቤታችን። ኋላ ሳቁ ቀረና ሹክሹክታው መጣ። ባሏ በጾም አላስቀምጥ ብሏት ነው፣ ቁጣ ነው ተባለ።

ጤና ኬላ ወሰድኳት፤ የሴት ነገር ነው ብለው ማስታገሻ ሰጧት። ቀየት ከተማ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ታይፎይድ ነው አሉ። ኪኒኑን እየዋጠች ነጣች። ሆዷን የዳሰሰ፣ ሕመሙ ከደሙ ጋር ይመጣል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም የለም።

ሚያዝያ ላይ ታላቅ ወንድሟ ታናናሾቹን አስከትሎ መጣ። ተቀመጥ ብለው አልተቀመጠም።

«በጾም አልነካኋትም ካልክ ታቦት ጥራና ማል» አለኝ።

«ለሚስቴ ሆድ ታቦት አልጠራም» አልኩት።

እምቢታዬን እንደ ማመን ቆጠሩት። ዛሬም ቢሆን አልምልም። እሷ በቅሎው ላይ ሆና ዞራ አየችኝ። የመናገር አቅም አልነበራትም። ልጆቹንም አስከተሏቸው።

ያን ክረምት ብቻዬን ከረምኩ። ጭጋጉ ከደጅ አይነሣም። በጎቹን አስገብቼ በር እዘጋለሁ፣ ቆሎ እቆረጥማለሁ፣ እተኛለሁ። ጠጉሩ ሳይፈተል በጆንያ ተቀመጠ፤ የሽመና ጉድጓዴ ውሃ ቋጠረ። በማኅበር ዕለት ጽዋው እኔ ዘንድ ሲደርስ ቶሎ ያልፋል። የንስሐ አባቴም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ ልጄ፣ ካለብህ ተናገር ከማለት በቀር ቤቴን አልረገጡም። የሌለብኝን ምን ልናገር። አንዳንድ ቀን ድምፄን ለመስማት ብዬ በጎቹን እሰድብ ነበር።

ጥቅምት ላይ ያው ወንድሟ ደወለ። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ወድቃለች፣ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አስገብቻታለሁ፣ ሐኪሟ የምትጠይቀውን እኔ አላውቅምና ና አለኝ። ስደርስ ደም ተሰጥቷት ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሕመሙ ከደሙ በፊት ነው ወይስ አብሮ፣ ደሙ ይረጋል ወይ፣ ከባልሽ ጋር ስትሆኚ ያምሻል ወይ እያለች ጠየቀቻት። የመጨረሻውን ስትመልስ ሚስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ስንት ቀን ይቆያል ስትባል ደግሞ፣ «በሚካኤል ይጀምረኝና ማርያምንም ከውጭ ነው የምሳለማት» አለች።

ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ አንድ መሆኑ ነው፤ ሐኪሟ ቀና ብላ አየቻት። ሆዷን ጫን ጫን አድርጋ ዳሰሰች፣ በአልትራሳውንድም ከላይና ከውስጥ አየች። ከዚያ ነገረችን። እርግዝናም ካንሰርም አይደለም። የማህፀኗ የውስጥ ሽፋን ግድግዳው ሥጋ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል፤ በየወሩ እዚያው ስለሚደማ ግድግዳው ወፍሯል፣ ሆዷ የተነፋውም ለዚያ ነው። ስሙ አዴኖማዮሲስ ይባላል። ብዙ ሴት ሳይታወቅላት ትኖራለች አለች።

ወንድሟ ከበሩ ሥር ሆኖ፣ «ዶክተር፣ በጾም ከባል ጋር በመተኛት የሚመጣ ነው?» አላት።

«በጾምም በፍስክም ከመተኛት የሚመጣ አይደለም» አለች። «ባሏ ያመጣባት ነገር የለም።»

እሱ ጫማውን አየ። እኔ ሚስቴን አየሁ። ታለቅስ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

መድኃኒቱ ጥቂት ወር ረዳት፣ ከዚያ እምቢ አለ። ሦስት ልጅ ይበቃኛል ብላ መጋቢት ላይ ማህፀኗን አስወጣች። ቁስሏ ሲሽር ከልጆቿ ጋር ወደ ቤቷ ገባች። የአገር ሽማግሌዎች፣ ሚስትህ ገብታልሃለች፣ በቃ ተወው አሉኝ። አልተውኩም። አገር ፊት የተባልኩት አገር ፊት ይነሣልኝ አልኩ።

በመጨረሻ ወንድሟ በእርቅ ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ በደብሩ ሰው ሁሉ ፊት ቆመ። ድንጋዩ ትንሽ ነበር።

«ያልኩት ሐሰት ነው» አለ። «ሐኪሟ ስትናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ዝም ብለው የከረሙት ሰዎች ያን ቀንም ዝም አሉ። ከእነሱ ምንም አልጠበቅኩም። ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ትከሻውን ያዝኩት፤ አዝኜለት ሳይሆን ነገሩ እንዲያልቅ ብዬ ነው። ድንጋዩን አውርደው አልኩት። አወረደው።

ሰኔ ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት።