ከጉበት ያልወጣው ፕሮቲን

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ የምርምር ላብራቶሪ የጉበት ሴል ያሳደገችው፣ ሴሎቹ የሚያመነጩትን ፈሳሽ እየቀዳች ያዘጋጀችው ቴክኒሻኗ ናት። ጓንት አትወድም፤ «እጄን ያደነዝዘዋል» ባይ ናት።

ባለፈው ወር የተቀጠረችው የኮምፒውተር ባለሙያ ግን አንዲት ጠብታ ሳትነካ፣ ከዚያው ፈሳሽ የተገኘውን መረጃ በኮምፒውተር አበጥራ፣ ጉበት ወደ ደም የሚለቃቸውን ፕሮቲኖች በሦስት ቀን ዘረዘረቻቸው። አለቃቸው «እጅሽ ይባረክ» አላት። ቴክኒሻኗ ይህን ሰማች። የትኛው እጅ? እሷ ባረሰችው ሌላ አጨደበት።

ዝርዝሩን ወስዳ ስህተት ፍለጋ መስመር በመስመር በረበረችው። መጨረሻው መስመር ላይ አገኘች።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ፣ ሁሉም ባሉበት፣ ጣቷን ቀሰረች። «ይቺ ኬራቲን የጉበት አይደለችም፤ የቆዳ ናት። ኮምፒውተርሽ ይሄን አያውቅም እንዴ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ልክ ነዎት፣ እትዬ» አለች ቀስ ብላ። «ከሌሎቹ ለይቼ ከታች ያስቀመጥኳት ለዚያ ነው። ናሙናውን በባዶ እጁ ከነካ ሰው የገባች ናት። ማን እንደነካው መጠየቁን ግን ተውኩት።»

አለቃው ዞር ብሎ ቴክኒሻኗን አያት። እሷም የቀሰረችውን ጣት ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ሥር ከተተችው።