ብርድ ፍለጋ ወደ ናሙዎንጎ

ካምዎክያ፣ ከንጋቱ 12፡20

ገና ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። ዕድሜ ልኬን ታክሲ ውስጥ «መስኮት ዝጉ፣ ብርድ ይመታናል!» እያልኩ ስንቱን ሰው ሳፍን የኖርኩ ሽማግሌ፣ ዛሬ ብርድ ፍለጋ እሄዳለሁ። ባለቤቴ ጥሩዬ ንሳምብያ ካለው ሆስፒታል አምስት ሰዓት ላይ ትወጣለች። አስም አለባት፤ ሐኪሙ «ክፍሏ አቧራ አይግባበት፣ ቀዝቀዝ ይበል» ብሏል። ከትናንት በስቲያ ያስገጠምኩላት ኤርኮንዲሽነር ግን ዛሬ ስነሳ ሙቅ አየር ሲተፋ አገኘሁት፤ ከዚያ ቀጥ አለ። የገጠመው፣ ናሙዎንጎ የሚኖረው የማነ፣ ስልክ አያነሳም።

«ጃጃ፣ ወዴት?» አለኝ ባለቦዳው፣ ሰው የሚያመላልሰው ባለሞተር። ጃጃ እዚህ አገር አያት ማለት ነው፤ ቅር ቢለኝም ልክ ነው።

«ናሙዎንጎ። ቶሎ በል፣ ግን ቀስ ብለህ።»

«የቱን ላድርግ?»

«ሁለቱንም።»

መንገድ ላይ፣ 12፡50

ቀይ አቧራ። ማቶኬ የሚሉት አረንጓዴ ሙዝ የተቆለለበት ብስክሌት። ቻፓቲ የሚሉት ቂጣ ላይ እንቁላል ጠቅልሎ «ሮሌክስ» እያለ የሚሸጥ ልጅ፤ ሽታው ቢጠራኝም አላስቆምኩም። ይሄ አቧራ እኮ ነው የሚገድላት! ደግነቱ እኔ ብልህ ነኝ፤ ትናንት ውጪ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የማሽኑን ሳጥን በሸራ ጠቅልዬ ጥፍር አድርጌ አስሬዋለሁ፣ የመንገዱን አቧራ ስቦ እንዳያስገባባት።

ናሙዎንጎ፣ 1፡15

የማነ የአስመራ ልጅ ነው። የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ እንዳለ በሩን ከፈተ።

«አቦይ! ምን ሆኑ?»

«ሞተ።»

«ማን?!»

«ማሽኑ።»

«ኧረ አስደነገጡኝ!»

ካምዎክያ፣ 2፡30

የማነ ሸራውን ሲያይ መሣሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ይሄን ማን አለበሰው?»

«ሌባ ነው ብልህስ?»

«ሌባ ይወስዳል እንጂ አያለብስም። አቦይ፣ ይሄ ከውጪ አየር አያስገባም! የውስጡ ማሽን የዚያኑ የክፍሉን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ መልሶ ይነፋል። ሙቀቱን ጋዙ በመዳብ ቱቦ ተሸክሞ ያወጣዋል፤ ይሄኛው ደግሞ ወደ ውጪ ይበትነዋል። እርስዎ መውጫውን ዘጉበት።»

«አቧራውስ?»

«የክፍሉን አቧራ የውስጡ ማሽን ላይ ያለችው ወንፊት ትይዛለች፤ በየሁለት ሳምንቱ ይጠቧት። መስኮት ዘግተው ይተኛሉ፣ የመንገዱ አቧራም ጫጫታም አይገባም፤ ጯሂው ሞተርም ውጪ ነው። አልፎ አልፎ ግን ንጹሕ አየር ያስገቡላት።»

«ተቃጥሏል?»

«እንጃ። ግሎ ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ይተርፋል። እስኪበርድ እንጠብቅ።»

ሸራውን ፈትቶ ጣለው። ሦስት ሰዓት ሆነ። ቢያስነሳው እምቢ አለ። ብልህ ነኝ ብዬ ጥሩዬን ልገድላት ነው እንዴ? አራት ሰዓት ሊሆን ሲል እንደገና ነካካው። ከውጪ አንድ ጉርምርምታ፤ ከዚያ ቀዝቃዛ አየር መላጣዬን ዳበሰኝ። የማነን ልስመው ስል ሸሸኝ።

5፡40

ጥሩዬ ከሆስፒታል ደረሰች። አልጋው ላይ ደገፍ አድርጌ አስቀመጥኳት።

«ይሄ ሁሉ ለእኔ ነው?»

«ለእኔ ነው። አንቺ ስታስይ እንቅልፍ የማጣው እኔ አይደለሁ?»

ማሽኑ እንዳይቆም ሊያይ የቆየውን የማነን ግን አላስቻለውም፤ የሸራውን ነገር ዘረገፈላት። ከት ብላ ሳቀች። ጥሩዬ ስትስቅ ሁሌም ሳል ይከተላል። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

አልመጣም።