የልብስ ሰፊው ትከሻ

አቶ ዱባለን ያገኘሁት ጭቃ ውስጥ ነው። ጊዜው ነሐሴ 1963 ዓ.ም. ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ የሚወስደን አውቶቡስ ጥያን አልፎ ብዙም ሳይርቅ የኋላ ጎማው ሰጠመና ረዳቱ «ወንድ የሆነ ይውረድ!» ብሎ ጮኸ። ወረድን። ሌላው እየተራገመ እጁን አውቶቡሱ ላይ ሲያሳርፍ፣ አንድ ቀጭን ባለኮት ሰው ብቻ ወደ ዳር ወጣ አለ። ኮቱን አውልቆ በስፌቱ ልክ አጣጠፈና ለአንዲት ተሳፋሪ በመስኮት አቀበላት። ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ቁጢጥ ብድግ፣ ቁጢጥ ብድግ ይል ጀመር።

«ሰውየው ምን ነካው? አሁን ስግደት ነው የሚያስፈልገን?» አለ ረዳቱ።

«ጉልበቴን እያሞቅሁ ነው» አለ ሰውየው ሳያቋርጥ። «የእናንተስ ሞተር ጠዋት ሳይሞቅ ይነሳል?»

ገፋን። አውቶቡሱ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ገመድ ያለው የጭነት መኪና እስኪመጣ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ እኔም ከባለኮቱ ጎን። ወሬ ካየሁ የማላልፍ ሰው ነኝና «ይህን ቁጢጥ ብድግ ማን አስተማረዎት?» አልኩት። እሱም ጠያቂ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።

አቶ ዱባለ የቡታጅራ ልብስ ሰፊ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የስፌት መኪናው ላይ እንደ ተቀመጠ ይውላል። «እግሬ ፔዳል ከመርገጥ ሌላ ሥራ በዓለም ላይ መኖሩን አያውቅም ነበር» ይላል። በእነሱ ሰፈር ደግሞ በሽተኛ ሐኪም ጋ የሚደርሰው በቃሬዛ ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም አራት አራት እየሆነ፣ እየተቀያየረ ይሸከማል። ጥሪ ሲመጣ ትከሻውን የማያቀርብ ወንድ የለም።

እትዬ ሀሊሜ የሚባሉ አሮጊት የታመሙ ቀን አቶ ዱባለም የኋላውን ቀኝ ያዘ። መቶ እርምጃ እንኳ ሳይሄዱ ጉልበቱ ተብረከረከ፤ ቃሬዛው ዘመመ። እትዬ ሀሊሜ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው አዩትና «ልጄ፣ እኔ ልውረድና አንተ ትተኛበት?» አሉት።

ተሸካሚዎቹ ከመሳቃቸው የተነሳ ቃሬዛውን መሬት ላይ ማስቀመጥ ግድ ሆነባቸው። አለቃቸው ሸረፋ የሚባል እህል ነጋዴ ነው፤ ዓይኑን እየጠረገ ጃንጥላ አቀበለው። «ወላሂ ዱባለ፣ አንተን የፈጠረህ ለመርፌ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ለበሽተኛው ጥላ ያዝ።»

«ሳቁን ቻልኩት» አለኝ አቶ ዱባለ፤ «ጃንጥላውን ግን አልቻልኩም። ጃንጥላ እኮ የሽማግሌ ነው! እኔ ገና ሠላሳ አራቴ ነው። ነገ ብታመም፣ ተሸክሜ በማላውቀው ሰው ትከሻ ላይ በምን ዓይኔ እተኛለሁ?» ከዚያ በኋላ ሁለት በሽተኞች ወጡ፤ ለሁለቱም ማንም ሳይጠይቀው ጃንጥላው እጁ ውስጥ ገባ።

በዚያው ሰሞን አንድ የስፖርት አስተማሪ ሸሚዝ ሊያሰፋ ሱቁ መጣ። አቶ ዱባለ ክንዱን ሲለካ ሜትሩ አልበቃ አለው። «ይህን ከየት አመጡት?» ቢለው «ከቤቴ» አለው አስተማሪው። ትምህርቱንም ሰጠው፦ ብረት አያስፈልግም። መጀመሪያ ግድግዳ ላይ እጅህን ተክለህ ደረትህን አስጠጋና ግፋ፤ ሲቀልህ በጠረጴዛ ጠርዝ፤ ከዚያ ወለል ላይ። ከወንበር እጅህን ሳትደገፍ ተነስ፣ ተቀመጥ። ትንፋሽህን አታፍን። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፤ ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍም ጭምር ነው። አቶ ዱባለ ከትምህርቱ ሁሉ ፈጥኖ የገባው ይህ የዕረፍቱ ምዕራፍ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ሚስቱ ተናኘወርቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አገኘችው።

«ምንድነው? ቤቱ ሊወድቅ ነው ወይስ አንተ ልትጥለው ነው?»

«ስፖርት ነው።»

«ስፖርትህ ምርጊቱን እያራገፈው ነው። ስትጨርስ መልሰህ ትመርጋለህ።»

እየገፋም እየመረገም ሁለት ወር አለፈ፤ ወለል ላይ ደረሰ። አሁን ደግሞ የሚያነሳው ክብደት አማረው። አስተማሪው «ጆንያ ውስጥ አሸዋ ጨምረህ ከቀላል ጀምር» ብሎት ነበር፤ እሱ ግን ጓሮ ውስጥ ክብ ክብ፣ ለእጅ የተመቸ ድንጋይ አየ። ድንጋዩ ተናኘወርቅ የቆጮ ጉድጓዷን የተጫነችበት ነው። ቆጮው በኮባ ተሸፍኖ የሚብላላው ያ ድንጋይ አየርና ውሃ ሲከለክልለት ነው። የቆጮ ጉድጓድ ደግሞ የሴት ግዛት ነው፤ ወንድ አይጠጋውም። ስለማይጠጋውም የድንጋዩን ሥራ አያውቅም። አቶ ዱባለ ከድንጋዮቹ ሁለት ወስዶ ከሱቁ ኋላ ደበቀ። አስተማሪው «ቀስ በቀስ ጨምር» ስላለው፣ እሱም ታዛዥ ተማሪ ነውና፣ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ጨመረ።

ጳጉሜ ላይ ተናኘወርቅ ለመስቀል ቆጮ ልታወጣ ብትሄድ ኮባው ተገልጦ፣ ዝናብ ገብቶ፣ ላይኛው ክንድ ያህል ሻግቷል። ፈልጋ ፈልጋ ከሱቁ ኋላ ስምንት ድንጋይ በቁመት ተሰልፎ አገኘች።

«አልጮኸችም» አለኝ፤ «ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ‹የመስቀል ቆጮዬን የበላው ክንድህ ነው? እስቲ አሳየኝ› አለችኝ። አሳየኋት። አየችና ‹ይሄ ነው?› አለች።»

ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አስመለሰችው። ከዚያ ወገቧን ይዛ ፈረደች፦ «ቆጮዬ በከንቱማ አይቀርም። ሸክም ከፈለግህ እኔ አለሁ። ክብደቴን ግን ለሰው ትናገርና ጉድህ ይፈላል!» ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እያለፈ፣ ጠዋት ጠዋት እሷን አዝሎ ከአጥሩ በር እስከ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ እስከ በሩ ይመላለሳል። ጀርባው ላይ ሆና ዙሩን የምትቆጥረው እሷ ናት።

አንድ ጠዋት ጎረቤታቸው ሀጀራ በአጥሩ ክፍተት ብታይ፣ ተናኘወርቅ ባሏ ጀርባ ላይ ራሷን ጥላለች። እንቅልፍ አሸልቧት ነው። ሀጀራ ግን ኡኡ አለች። ብዙም ሳይቆይ ሸረፋ ከአምስት ሰው ጋር ቃሬዛ ይዞ ከተፍ አለ።

«ያ አላህ! ተናኝዬ ምን ሆነች?»

አቶ ዱባለ መልስ የሚሰጥበት ትንፋሽ የለውም። ተናኘወርቅ ቀና አለችና «ደህና ነኝ፤ ሰባት ደርሰናል። አታስጩኹኝ፣ ቁጥሩ ይጠፋብኛል» አለች።

ሰፈሩ ለአንድ ወር ሌላ ወሬ አላስፈለገውም። ስለ ትከሻው ግን ሸረፋ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ አቶ ዱባለን የከነከነውም ይኸው ነበር።

ሚያዝያ ላይ አሚኑ የሚባል ጎረቤት ቤት ሲከድን ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ይዘንባል። ቃሬዛው ቀረበ፤ ጃንጥላው ሸረፋ እጅ ላይ ነው። አቶ ዱባለ መሬት መሬት ያያል። ሸረፋ ትኩር ብሎ አየውና «ሰባት ነበር ያለችው?» አለ። ከዚያ ጃንጥላውን ለበሽተኛው ሰጠው። «እንካ አሚኑ፣ ራስህ ያዝ። እጅህ አልተሰበረም!»

አቶ ዱባለ የኋላውን ቀኝ ያዘ። ዳገቱ ላይ ሸረፋ «ልቀይርህ?» ቢለው በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ፤ መናገርማ አልቻለም። ሁለት ዙር ተሸከምኩ ይላል። አንደኛውን ዙር ለጨዋታ ማድመቂያ የጨመረው መሰለኝ፤ ግን አልተከራከርኩትም።

የጭነት መኪናው መጥቶ ጎትቶን ቡታጅራ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ስንሰነባበት «እንግዲህ ቦታዎን አገኙ፤ አሁንማ ልምምዱን ይተዉታል?» አልኩት።

ኮቱን እየለበሰ ፈገግ አለ። «እንዴት ብዬ እተወዋለሁ? ሸረፋ እህል መጫኑን ለሰው ትቶ ሱቁ ውስጥ ከተቀመጠ ወዲህ የሱሪውን ወገብ ሁለት ጊዜ ለቅቄ አስፍቼለታለሁ። ጤናውን ይስጠው እንጂ፣ እሱ የታመመ ቀን ያ ቃሬዛ ምን እንደሚመዝን አሁን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።»