የባትሪው ዋስ

ወሩን በትክክል አላስታውሰውም። ጫኖ ላይ ማንጎ እየተለቀመ እንደነበር አውቃለሁ፤ መንገድ ዳር ሁሉ ሣጥን ተደርድሮ ነበር። ከዚያ በላይ ቀኑን ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። የኤሌክትሪክ መኪና መንዳት የጀመርኩት ግን ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ በፊት ሠላሳ ምናምን ዓመት የጭነት መኪና ነድቻለሁ። ላንቴ ሙዝ ጭኜ አዲስ አበባ አራግፋለሁ። ያቆምኩት ጉልበቴ ፍሪሲዮን አልረግጥም ስላለኝ ነው።

እቤት ቁጭ ባልኩበት አቶ ማልዴ ደወለ። ላንቴ የሙዝ እርሻ ያለው ሰው ነው፤ አባቱንም አውቃቸው ነበር። "ጋሼ፣ ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ገዝቻለሁ። ከእንግዲህ ጉልበቴ የሚሉት ነገር የለም" አለኝ። እሱ በማግስቱ ሙዝ ስለሚያስጭን፣ ሲቀላ ካለው የሻጩ ድርጅት ቅርንጫፍ ሄጄ መኪናውን እንድረከብለት ላከኝ።

የሽያጭ ሠራተኛው ናትናኤል የሚባል ልጅ እግር ሰው ነው። ወረቀት በወረቀት ላይ ደረደረልኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ታርጋ፣ የመንገድ ምልክት፣ የጭነት ወረቀት አነባለሁ። ያ ወረቀት ግን ጉንዳን የፈሰሰበት ይመስል ነበር።

"ይሄ የርክክብ ነው፤ ይሄ ደግሞ የባትሪው ዋስትና። እዚህ ጋ ይፈርሙ።"

"ዋሱ ማነው?" አልኩት።

ሳቀ። "ኧረ አባባ! ይፈርሙ፣ ለራስዎ ነው።"

ለራስዎ ሲለኝ ዋሱ እኔው ነኝ ማለት መሰለኝ። ታዲያ ለምን ፈረምክ ትሉኝ ይሆናል። ከኋላዬ ሌላ ደንበኛ ቆሟል፣ መኪናው ታጥቦ በር ላይ ይጠብቃል፣ ሥራውንም ፈልጌዋለሁ። ፈረምኩ።

ዋስ የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው ከፖሊስ ጣቢያ ነው። ድሮ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሰው ገጭቶ ሲታሰር ዋስ ሆኜ አስወጣሁት። በቀጠሮው ቀን ሳይቀርብ ቀረ። ሰውየው እስኪገኝ ድረስ እኔን አሥራ አንድ ቀን አሰሩኝ። ከዚያ ወዲህ ዋስ ሁነኝ የሚል ሰው ሲመጣ በጓሮ በር እወጣ ነበር። እንግዲህ በስተርጅና የባትሪ ዋስ ሆንኩ ብዬ ወደ ላንቴ ነዳሁ።

መኪናው ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። ድምፅ የለውም፣ ማርሽ የለውም። ዳሽቦርዱ ላይ ባትሪው ከመቶ ስንት እንደቀረው በቁጥር ያሳያል። ባትሪው ራሱ ከወለሉ ሥር ተንጣሎ የተኛ ነው፤ ከመኪናው ሁሉ ውዱ ዕቃ እሱ ነው ይባላል።

የመጀመሪያው ችግር የታየው ከምዕራብ ዓባያ ስመለስ፣ ብቻዬን ሳለሁ ነው። ቁጥሩ ስድሳ አራት ይል ነበር። ዓይኔን ወደ መንገድ መልሼ ሳየው ሃያ አንድ ሆኗል። ዳሽቦርዱ ላይ ትንሽ ኤሊ በራች። ኤሊዋ ከበራች ባትሪው አቅም አጥቷል ማለት ነው። መኪናው እንደታመመ በሬ መጎተት ጀመረ። ዳር ይዤ አጠፋሁት። ትንሽ ቆይቼ ስከፍተው ስድሳ ሦስት አለ፤ ኤሊዋም የለችም።

ያኔ ነው መናገር የነበረብኝ። አልተናገርኩም። ፈርሜያለሁ፣ ዋሱ እኔ ነኝ፣ ባትሪው ከሞተ የሚጠየቀው ሰው እኔ ነኝ ብዬ ነው። አሥራ አንዱ ቀን ታወሰኝ።

ሁለት ወር ሊሞላ እስኪል ድረስ ደበቅሁት። ሶኬት ባገኘሁበት ሁሉ ቻርጅ አደርጋለሁ። ዳገት ሲመጣ እግሬን አሳሳለሁ። የእንጨት ታኮዬን፣ ጎማ ሥር የምትገባዋን፣ ከወንበሬ ሥር አኖርኳት። ኤሊዋ አምስት ጊዜ መጣች፤ አምስቱንም ጊዜ ከሰው ሸሸግኋት። አቶ ማልዴ "ጋሼ፣ ምነው ቀሰስ አሉ?" ሲለኝ "አዲስ ዕቃ ነው፣ ይለመድ" እላለሁ። ማታ እህል አልወርድልህ አለኝ። ሚስቴ ሐኪም ቤት ካልሄድክ ብላ ታወከች።

አንድ ቅዳሜ አቶ ማልዴ እናቱን ተራራ ላይ ወዳለችው ጨንቻ እንድንወስዳቸው አዘዘ። እሱ ከፊት፣ እናቱ ከኋላ ከጎመን እንቅባቸው ጋር ተቀመጡ። ጭነት አለ ብዬ ፈራሁ፤ ግን ምን ብዬ እምቢ እላለሁ? ዳገቱን አጋምሰን፣ ታች ዓባያ ሐይቅ መታየት ከጀመረ በኋላ፣ ከአንዱ ኩርባ ላይ ኤሊዋ በራች። እግሬን ሳላነሳ ሁሉም ነገር ጠፋ።

መኪናው ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ፍሬኑ ድንጋይ ሆነብኝ፣ መሪውም ከበደ። በስተቀኝ ገደል ነው፣ በስተግራ የተቆረጠ አፈር። ሁለት እግሬን ፍሬን ላይ ጭኜ መሪውን በደረቴ ገፋሁትና ኋላውን ከአፈሩ አጋጨሁት። ቆመ። ወርጄ ታኮዋን ጎማው ሥር ከተትኩ። 

እናቲቱ ከኋላ ሆነው "ደረስን እንዴ?" አሉ።



እናቱን በሌላ መኪና ላክናቸው፤ የእኛው እንደ ልማዱ ቆይቶ ሲነሳ ወደ ከተማ መለስነው። እኔ እሑድ ጠዋት ወረቀቴን በፌስታል ይዤ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው። ከጎጃም ለሥራ መጥተው እዚሁ ሰፈራችን ሴቻ የቀሩ፣ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። የፈራሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

"አንተ ዘለቀ፣" አሉኝ፣ "ዋሱ አንተ አይደለህም። ዋሱ ሻጩ ነው። ባትሪው ቢበላሽ አድሳለሁ፣ ካልሆነም እቀይራለሁ ብሎ ለእናንተ ዋስ የሆነው እሱ ነው።"

ሁለት ወር ሙሉ የተሸከምኩት ነገር ወረደልኝ። እሳቸው ግን ማንበባቸውን አላቆሙም። ፊታቸው ተለወጠ።

"ጉድለቱ በታየ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተገለጸ ዋስትናው ይቋረጣል ይላል። መጀመሪያ የታየህ መቼ ነው?"

 በጣቴ ሁለት አሳየኋቸው።

"ሁለት ቀን?"

"ሁለት ወር፣ እትዬ። ትላንት ታየ ብለን ብንጽፍስ?"

"እኔ ውሸት አልጽፍም። በዚያ ላይ መኪናው ራሱ የሚመዘግብ ከሆነስ? ቀድመህ ለባለቤቱ ንገር።"

ከፖሊስ ጣቢያው ይልቅ ያቺ መንገድ ከበደችኝ። አቶ ማልዴን እርሻው ላይ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት።  አልጮኸም።

"ጋሼ፣ እያወቁ ነው እናቴን ያሳፈሯት?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

ቁልፉን ተቀበለኝ። "ነገ ቅርንጫፉ ጋ ይምጡ፤ ከዚያ በኋላ እንተያያለን" ብሎ ሄደ።

ሰኞ ሦስታችንም ሲቀላ ሄድን፤ አስተማሪዋም አብረውኝ መጡ። እሳቸው የጻፉልን ደብዳቤ እውነቱን ይላል፦ መቼ እንደታየ፣ ሾፌሩ ለምን እንደደበቀ። የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አንብቦ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ጊዜው አልፏል። ደግሞም የድሮ ሾፌሮች ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥተው ፎሌ እየለቀቁ ነው የሚያበላሹት።"

"ፎሌ ነዳጅ ለመቆጠብ ነው" አልኩት። "ይሄ ምን ነዳጅ አለው?"

ለሌላ ሥራ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚያው የነበረ ቴክኒሻን ኮምፒውተሩን ሰክቶ አየና "ባትሪው ጤነኛ ነው" አለ። ቆሞ ሳለማ ጤነኛ ነው። ዳገት እናውጣው አልኩ። አቶ ማልዴ ሳያየኝ ቁልፉን ሰጠኝ።

ወደዚያው ኩርባ ተቃረብን። ቴክኒሻኑ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ "አባባ፣ ይረጋጉ፣ እኔ ሰርተፍኬት አለኝ" ይለኛል። "ኤሊዋ መጣች" አልኩት። ቀና ሳይል ሁሉም ጠፋ፤ ወደ ኋላ ተንሸራተትን። ይሄን ጊዜ ተዘጋጅቼ ስለነበር ቶሎ አቆምኩት። እሱ ግን "ፍሬን! አባባ ፍሬን!" እያለ ዘሎ ወርዶ ታኮዋን ራሱ ከተታት። ከዚያ ኮምፒውተሩን ገልብጦ አየና ላቡን ጠረገ። "ከሴሎቹ አንዱ ክፍል ሲጨነቅ ይወድቃል። ከፋብሪካ የመጣ ነው" አለ።

ስንመለስ ሥራ አስኪያጁ አሁንም ጊዜው አለፈ የምትለዋን አልለቀቀም። ያን ጊዜ አስተማሪዋ የርክክቡን ወረቀት አወጡና ከታች ያለችውን መሥመር አነበቡለት፦ "ተነቦልኝ፣ ገብቶኝ ፈርሜያለሁ።"

"የአሥራ አምስት ቀኗን ማን አነበበለት?" አሉ።

 ናትናኤል ከወዲያኛው ጠረጴዛ ብድግ አለ። አለቃው ፊት ነው፣ እንጀራው ነው፤ ለእሱም ፈራሁለት።

"እኔ ነኝ ያስፈረምኳቸው። አላነበብኩላቸውም" አለ። "ዋሱ ማነው ብለው ጠይቀውኝ ነበር፤ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።"

 ሥራ አስኪያጁ ስልኩን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ሲወጣ "ይቀየራል" ብቻ አለ። ባትሪው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ከወር በላይ ጠበቅን። ናትናኤልን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩት እንጂ አላባረሩትም።

አቶ ማልዴ ወደ ሥራ መለሰኝ። እናቱን ግን እስከ ዛሬ የሚያደርሳቸው ራሱ ነው፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ለእናንተ ለሾፌሮች የምላችሁ ይሄን ነው። ያልገባችሁን ወረቀት ሳታስነብቡ አትፈርሙ። መኪናው ያሳየውን ጉድለት በዚያው ቀን ተናገሩ፤ እኔ ሰው ላጠፋ ነበር።

ወረቀቱን ያነበቡልኝ፣ እውነቱንም እንድናገር ያደረጉኝ አስተማሪ ወይዘሮ የሺመቤት ታከለ ይባላሉ።