ድምፁ የተዘጋ ካርቱን

ባለፈው ሳምንት፣ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ በማስተናግድበት ምግብ ቤት፣ አንዱ ወጥ ሠሪ የብረት መጥበሻ ከእጁ አመለጠው። ወለሉ ላይ ሲያርፍ ጓ! አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ይዤ ቁጢጥ ብዬ ነበር። «ምን ሆንሽ አንቺ?» አለችኝ አብራኝ የምትሠራው ልጅ። «ምንም» አልኳት። ለሷ ያልነገርኳትን ላንቺ ልንገርሽ። ነገሩ ስለ ካርቱን ነው። አትሳቂ።

አስር ዓመቴ ነበር። አቮንዴል እስቴትስ የሚባለውን ሰፈር አለፍ ብሎ ባለ አሮጌ አፓርታማ ውስጥ እንኖር ነበር፤ ሳሎኑና ኩሽናው አንድ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የሰጡን ጀርባው ወፍራም ቴሌቪዥን ነበረን። ሲበራ ውስጡ ያለው አቧራ ይግልና የተለበለበ ፀጉር ይሸታል። ክንድሽን መስታወቱ ላይ ስታስጠጊ ፀጉርሽ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት ተሽቀዳድመን ፊቱ ቁጭ እንል ነበር፤ የመጋረጃው ቢጫ ብርሃን ምንጣፉ ላይ ተኝቶ።

አባቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፣ ጠዋት ይተኛል። የቤቱ ሕግ አንድ ነበር፤ እሱ ሲተኛ ድምፅ የለም። ስለዚህ ካርቱን የምናየው ድምፁን ዘግተን ነው።

ድምፁ ደግሞ አጎቴ ነበር።

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ኬንያ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ዕድሜውን ፈጅቶ የመጣ ሰው። ዱሉዝ የሚባል ከተማ ያለ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ዕቃ ይጭናል፣ ቀን እኛ ሶፋ ላይ ይተኛል። ቅዳሜ ግን አይተኛም። ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ የጎማ ጓንት የጎማ ጓንት እየሸተተ መሀላችን ይቀመጣል። እንግሊዝኛ አይችልም፤ ለዚያ ካርቱን ግን እንግሊዝኛ አያስፈልግም። አንድ ድብና አንድ ዝንጀሮ ናቸው፤ አያወሩም፣ ይደባደባሉ። ዝንጀሮው መጥበሻ ያነሳል፣ የድቡን ፊት ይለዋል፣ የድቡ ፊት የመጥበሻ ቅርፅ ይይዛል፣ ኮከብ ጭንቅላቱን ይዞረዋል። አጎቴ አፉን በእጁ ከልሎ በሹክሹክታ «ጓ! ዥው! ድፍት!» ይላል። ሳቃችንን ትራስ ውስጥ እንቀብራለን።

«ይሄ ድብ ጅል ነው እኮ፣ አጎዬ» እለዋለሁ።

«ጅል አይደለም፣ ደረቅ ነው። እንደኔ። አየሽው? ተነሳ!»

ድቡ ሁሌም ይነሳል። አጎቴ የሚወደው ያንን ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ስንከፍተው ድቡ የለም። በቦታው ጭንቅላታቸው ክብ፣ ዓይናቸው ሳህን የሚያህል ልጆች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚያው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ አጎቴ።

«እያወሩ።»

«ስለምን?»

«ስለ ስሜታቸው መሰለኝ።»

«አሁንም?»

«አሁንም።»

«ማንም አይወድቅም?»

«የለም።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ካርቱን ነው? የዕድር ስብሰባ እኮ ነው!»

አባቴ ግን ወደደው። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣ ቆሞ አየና «እንኳን ያን ድብድብ አነሱት» አለ። «ልጅ ያየውን ነው የሚሆነው።» ይህን ያለው አባቴ ነው። እንዳትረሺው።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ካርቱን ወርዷል። ያኔ መውረድ ጀመረ፣ አሁን ደግሞ ጭራሽ መሬት ገባ። ሥዕሉ ሰነፍ ነው። ልጆቹ ቆመው ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይተቃቀፋሉ፣ አለቀ። ድምፁን ከዘጋሽው ምንም የለም። እኛ ቤት ደግሞ ድምፅ ክልክል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ወንድሜ መነጫነጭ ጀመረ። «ምን እያሉ ነው? አይገባኝም!» አጎቴ ሊያባብለው ሞከረ። በቀጭን ድምፅ «እኔ ሽሮ አልበላም፣ ከፍቶኛል» አለ በአንደኛዋ ልጅ ቦታ። ሌላኛዋን ወፍራም አድርጎ «ብትበዪ ይሻልሻል፣ ሌላ የለም!» እኔ ሳቅኩ። ወንድሜ ግን «እንደዛ አይሉም!» ብሎ እንባው መጣ። አጎቴ የሚያለቅስ ልጅ አይችልም ነበር።

«እሺ ማሙሽ፣ ትንሽ፣ ትንሽዬ ብቻ» አለና ሪሞቱን አንስቶ ተጫነ።

ቁልፉ ተጣብቆ ቀረ። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣ፤ የልጆቹ መዝሙር ቤቱን ሞላው። አጎቴ ሪሞቱን ጉልበቱ ላይ ቢቀጠቅጠውም አልቆመም። የመኝታ ቤቱ በር ተበርግዶ ግድግዳውን መታ።

አባቴ በካናቴራ ነበር፣ ቀበቶውን ይዞ። «ማነው?» አለ፤ መልስ ግን አልጠበቀም። ወንድሜን በአንድ ክንዱ ከምንጣፉ ላይ አንጠልጥሎ ጀርባውን ሸነተረው። ደገመው። ወንድሜ አፉን ከፍቶ ድምፅ አልወጣውም።

«ጋሼ፣ ይተዉት! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የጨመርኩት!»

«አንተ ዝም በል! ቤቴን ሲኒማ ቤት አደረግከው! ሶፋዬ ላይ ተጋድመህ ልጆቼን...»

ቀበቶው የአጎቴን ጉንጭ ላጠው። አጎቴ ሁለተኛውን በእጁ ቀለበው፣ ጎተተ፤ ተያይዘው መስታወት ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። ጠረጴዛው በአንዴ ሺህ ቦታ ሆነ። እመኚኝ፣ ለአንድ አፍታ ካርቱን መሰለኝ። አጎቴ መጋዘን ያጠነከረው ሰው ነው፤ ከላይ ሆነ። እጁ የአባቴን ጉሮሮ ያዘ። አባቴ እግሩን ያንፈራግጣል፣ ፊቱ እየጠቆረ ነው። የአጎቴን ፊት እንደዚያ አይቼው አላውቅም፤ የማላውቀው ሰው ነበር።

እናቴ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። አልያዘቻቸውም፣ መሀል አልገባችም። ባለችበት ቆማ ጮኸች።

«በሕግ አምላክ!»

ታውቂዋለሽ አይደል። አገር ቤት መንገድ ላይ የሚገዳደሉ ሰዎች እንኳ ይቺን ሲሰሙ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ፖሊስ ስለመጣ አይደለም፣ ቃሉ ስለተጠራ ነው። እንቢ ያለ ከሰው አይቆጠርም።

የአጎቴ እጅ እሳት እንደነካ ተከፈተ። ተነሳ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ እጁን ጎኑ ላይ ጥሎ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ቴሌቪዥኑ እየጮኸ እንኳ።

አባቴም ተነሳ። ምድጃው ላይ እናቴ እንቁላል የጠበሰችበት መጥበሻ ነበር። አነሳው።

«በሕግ አምላክ አልኩህ!» አለች እናቴ፣ ድምፅዋ ተሰንጥቆ።

አጎቴ ሲመጣበት አይቷል። ይህንን ማንም አያስተባብለኝም፣ ዓይኑን እያየሁት ነበር። እጁን ማንሳት ይችል ነበር፤ አላነሳም። ቃሉ ተጠርቶ ነበራ።

መጥበሻው ግራ ጆሮውን አገኘው። ጓ አላለም። ሐብሐብ መሬት ስታስቀምጪ የሚሰማው ዓይነት፣ አጭርና ድፍን ድምፅ ነው። አጎቴ በጎኑ ወደቀ። ኮከብ የለም። ከጆሮው ቀጭን ደም ወርዶ ምንጣፉ ውስጥ ገባ፣ የእንቁላሉ ዘይት ከደሙ ጋር ሸተተ። ተነሳ እያልኩ ጠበቅኩት። ድቡ በዚህ ጊዜ ይነሳል እኮ። ቴሌቪዥኑ ላይ ልጆቹ በተራ በተራ ይቅርታ እየተባባሉ ይተቃቀፋሉ፣ ድምፃቸው እስከ ጣሪያ። ማንም ሊያጠፋው አላሰበም። ገመዱን ከግድግዳው የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ነው አባቴ መጥበሻውን ያየው። እጁ ውስጥ ማን እንዳስቀመጠው እንደማያውቅ ሰው።

ሆስፒታል ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። «ወደቅኩ በያት» አለኝ አጎቴ፣ ጭንቅላቱ በፎጣ ተጠቅልሎ። ነርሷ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችኝ። የግራ ጆሮው ከዚያ ወዲህ አይሰማም።

ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ የአጎቴ ጉልበት ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ እውነተኛ ልቅሶ ነበር፣ አልዋሽም። አጎቴ አነሳው፣ ጉንጩን ሳመው፣ «ይቅር ብያለሁ ጋሼ» አለው። ሁሉም እልል ሊል ሲደርስ ሻንጣውን ከሶፋው ጀርባ አወጣ።

«ይቅር ካልክ የት ትሄዳለህ?» አለች እናቴ።

«እህቴ፣ ለመጥበሻው ይቅር ብያለሁ። ግን በሕግ አምላክ ተብሎ እጁ የማይቆም ሰው ቤት ዓይኔን ጨፍኜ መተኛት አልችልም።»

ዱሉዝ ሄደ። ቅዳሜም አብሮት ሄደ።

አሁን ሰዎች የድሮው ካርቱን ለልጅ መጥፎ ነበር ሲሉ እሰማለሁ። ዋሽቶኛል፣ ልክ ናቸው፤ የተመታ ሁሉ ይነሳል ብሎኛል። አዲሱስ? የተቃቀፈ ሁሉ ታረቀ አይደል የሚለው? እኔ የሳሎናችንን እርቅ አይቻለሁ። ከሁለቱ ውሸት ድቡን እመርጣለሁ። ቢያንስ እሱ ያስቃል።

ባለፈው እሑድ ከዚያ በኋላ የተወለደችውን ትንሿን እህቴን ይዤ ዱሉዝ ሄድኩ። አጎቴ የራሱ አፓርታማ አለው፤ ትልቅ፣ ስስ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። በደህናው ጆሮው በኩል አስቀመጣትና ካርቱን ከፈተላት። ያው ክብ ጭንቅላት ያላቸው፣ ያው ወሬ። ሪሞቱን አነሳና ድምፁን ዘጋው።

«አጎዬ፣ ለምን አጠፋኸው?» አለች።

ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። «እሽሽ፣ አባትሽ ይነ...»

ቆመ። ቤቱን ዞር ብሎ አየ፤ ሶፋውን፣ በሩን፣ ባዶውን መኝታ ክፍል። «ለካ የራሴ ቤት ነው» አለና ሳቀ። ሪሞቱን ግን መልሶ አልተጫነም። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ልጅ አፏን ስትከፍት፣ አፉን በእጁ ከልሎ በሹክሹክታ «ጓ!» አለ።

እህቴ በሳቅ ፈነዳች፣ ጮክ ብላ። እኔ የሶፋውን ትራስ አቅፌ ነበር፤ ፊቴን ቀበርኩበት።