የእትዬ እናኑ የአርባ ጠላ

ኮንስታብል ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ዋና ሳጅን ዱላና ፊሽካ ሰጠኝና፣ ሰው የሚነግርህን ተወው፣ ወረቀት ጠይቅ አለኝ። ጡረታ እስክወጣ ያቺን ቃል እንደ ዳዊት ደገምኳት። ጉድ የሠራችኝም እሷው ናት።

የተመደብኩት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ነበር። በገበያ ቀን የስካር ጠብ ቢበዛ ጊዜ የከተማዋ የጸጥታ ኮሚቴ አረቄ ማውጣትን ከለከለ። ከአንድ ጋን በላይ ጠላ የሚጠምቅም ፈቃድ ይያዝ ተባለ። ለተዝካር ፈቃዱን የሚፈርሙት በኮሚቴው ያሉት የማርያም ቄስ ብቻ ነበሩ። ከወንዙ ማዶ ያለችው የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ግን በኮሚቴው ሰው አልነበራትም። እኔ ይህን የቄሶች ጉዳይ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

የገብርኤሏ እትዬ እናኑ ባላቸው ሞተው አርባቸው ደረሰ። ሦስት ጋን ጠላ መጥመቃቸውን ጎረቤት ጠቆመንና ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ሄድኩ። ወረቀት ስጠይቅ የነፍስ አባታቸው የገብርኤሉ ቄስ ከአጥሩ ሥር ተነሡ።

«ልጄ፣ ሟቹን ያናዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ተዝካሩም ነገ ነው። ሌላ ምን ምስክር ትሻለህ?»

«አባ፣ የእርስዎ ፊርማ አይሠራም» አልኳቸው።

የማርያሙ ቄስ ለስብሰባ ደብረ ማርቆስ ሄደዋል፤ ከነገ ወዲያ ነው የሚመለሱት። ይህን አውቅ ነበር። አንድ ቀን ዓይኔን ብጨፍን ማን ይቀጣኝ ነበር? ማንም። ይህን እያወቅኩም አለቃዬን ፈራሁና ጋኖቹን አንድ በአንድ ገለበጥናቸው። ጠላው ደጁን አልፎ እስከ መንገዱ ወረደ።

እትዬ እናኑ አላለቀሱም፤ አልረገሙኝምም።

«እኔንስ ተወኝ» አሉ። «ነገ በሟቹ ስም የሚመጣውን ድሃ ምን ላጠጣው?»

በማግሥቱ ለሌላ ሥራ በደጃቸው ሳልፍ ካህናቱና ድሆቹ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። በጠላው ዋንጫ ውሃ ይጠጣሉ። የሚቀዱት እትዬ እናኑ ናቸው። አዩኝና ግባ አሉኝ። ከተዝካር ደጅ ተጠርቶ ማለፍ ነውር ስለሆነ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። ለእኔም እንደ ሰው ሁሉ ቀዱልኝ። «ነፍስ ይማር» ብዬ ጠጣሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በዓመቱ የገብርኤሉ ቄስ ኮሚቴ ገቡ። የፈሰሰ ግን አይታፈስም። እትዬ እናኑም ይቅርታ ሳልጠይቃቸው አረፉ።

ለአዲስ ፖሊስ የምለው አንድ ነገር ነው። ሰውን ወረቀት ከመጠየቅህ በፊት የሚፈርምለት ሰው መኖር አለመኖሩን እወቅ።