እንፋሎት የሚፈራው ደንበኛ

አዳማ ባቡር ጣቢያ ደጃፍ የጓያ ንፍሮ የምትሸጠው ዘርፉ ስሙን የማታውቀው አንድ ደንበኛ አላት። ድስቱ ሲከፈት ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ የነፋሱን አቅጣጫ አጥንቶ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ የጓያ እንፋሎት እግር ይሰብራል ሲባል ሰምቷላ! ንፍሮው ሲበርድለት ግን ሁለት ጣባ ሙሉ ጥርግ ያደርጋል።

ከትከሻው የማይወርደው የደብዳቤ ኮረጆ ባዶ ነው። አንድ ዘመን አርሲ ነገሌ ድረስ በእግሩ መልእክት ያደርስ እንደነበር የሚመሰክርለት እሱ ብቻ ነው። አምና በአንድ ዘንግ መጣ፤ ዘንድሮ በሁለት። ተረከዙ መሬት አይነካም፤ ጉልበቶቹም እንደ ጣውንት ይጋጫሉ።

«ጌታዬ፣ ይህን እንፋሎት ሰባት ዓመት የታጠንኩት እኔ ነኝ» አለችው ዛሬ። «እግሬ ደህና ነው። ጓያውን ግን ሆዴ ስለማይወደው አልበላውም። እርስዎን የሚሰብርዎ መብሉ እንዳይሆን!»

«አንቺማ ሴት ነሽ፤ እንፋሎት ሴት ያከብራል።»

እሷም ሦስተኛ ዘንግ ከየት ያመጣል ብላ ለራሷ ከቀቀለችው በቆሎ ጨለፈችለት። አሽትቶ መለሰላት።

«ይሄ የበሽተኛ ምግብ ነው» አላት። «እኔ ገና የምሮጥበት መንገድ አለኝ፤ ጉልበት የሚሰጠውን ጨምሪልኝ።»